የካቢን ሙዚቃ ማጫወቻ ቅንብር፦ ፊት ይጮሃል፣ ኋላ አይሰማም፣ የማስታወቂያው መጀመሪያም ይቆረጣል

መስመር23፦

ሰላም ጓዶች። ባለ አንድ መተላለፊያ አውሮፕላን ላይ የድሮው የካሴት ማጫወቻ ወጥቶ በሜሞሪ ካርድ የሚሠራ ፕራም (የተቀዱ ማስታወቂያዎችና የመሳፈሪያ ሙዚቃ ማጫወቻ) ተተክቷል። ተከላው በሞዲፊኬሽን ሰነዱ መሠረት አልቋል፣ ሲበራ የሚያደርገውን የራስ ፍተሻ ያልፋል፣ የተቀዳ ማስታወቂያም የመሳፈሪያ ሙዚቃም ይወጣል። ያስቸገረው ቅንብሩ ነው።

አንደኛ፣ ከአንዱ ሙዚቃ ወደ ሌላው ሲያልፍ ድምፁ ይዘላል፤ አንዱ በጭንቅ ይሰማል፣ ቀጣዩ ጆሮ ይበሳል። ሁለተኛ፣ የማስታወቂያው የመጀመሪያ ቃል ይቆረጣል። «ክቡራን መንገደኞች» የሚለው «ራን መንገደኞች» ሆኖ ነው የሚወጣው። ሦስተኛ፣ አስተናጋጅ በሃንድሴት ተናግራ ስትመልስ ሙዚቃው አንዳንዴ ተመልሶ አይመጣም። አራተኛ፣ ፊት በር አካባቢ ልክ የሆነው ቮልዩም ከክንፍ ወዲያ አይሰማም፤ ለኋላ ሲባል ከፍ ከተደረገ ፊት ያሉት ይቸገራሉ። በዚህ ላይ ከሙዚቃው ስር ቀጭን ፉጨት አለ።

በአስተናጋጅ ፓኔሉ ላይ የሙዚቃው ቮልዩም ጫፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የፒኤ (ለመንገደኞች የሚነገርበት የድምፅ ማጉያ ሲስተም) አምፕሊፋየሩን ጌይን፣ ማለትም የማጉላት መጠን፣ ትንሽ ማንሳት ይሻላል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትላላችሁ? ከየት ልጀምር?

የድምፅ_ልክ፦

የፒኤውን ጌይን አትንኩ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

የፒኤ አምፕሊፋየር መጠን የሚቀመጠው ለሙዚቃ ተብሎ አይደለም። ከኮክፒት ወይም ከአስተናጋጅ የሚነገረው ቃል በእያንዳንዱ የመንገደኛ መቀመጫ፣ በመጸዳጃ ቤት እና በአስተናጋጅ መቀመጫ ተለይቶ እንዲሰማ ነው፤ የአሜሪካው ደንብ 25.1423 የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ብዙ ሲስተሞች ደግሞ ሞተር ሲነሳ የፒኤውን መጠን በራሳቸው ከፍ ያደርጋሉ። መሬት ላይ ሞተር ጠፍቶ «ትንሽ» ያነሳችሁት ጌይን በረራ ላይ ከዚያ ጭማሪ ጋር ይደመርና ሃንድሴቱ ከቅርቡ ስፒከር ጋር እየተመላለሰ መጮህ ይጀምራል። ሙዚቃ አነሰ ማለት ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ሲግናል አነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ከፋይሉ ተነሱ፣ ከዚያ የማጫወቻውን መውጫ ለኩ፣ ዞኖቹን (ድምፁ ለየብቻ የሚቀመጥላቸውን የካቢን ክፍሎች) መጨረሻ ላይ ተመልከቱ። ከኋላ ወደ ፊት የሚሠራ ሰው ያስተካከለውን መልሶ ያፈርሳል።

ፋይሎቹ ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከጠየቅከው ግማሹ እዚያ ነው የሚያልቀው።

የካቢን ስፒከር ሞኖ ነው። ስቴሪዮ ፋይል ከሰጠኸው ማጫወቻው ወይ ግራና ቀኙን ይደምራል፣ ወይ አንዱን ጎን ብቻ ያወጣል። አንዱን ብቻ ካወጣ የሙዚቃው ግማሽ ይጠፋል፤ ጊታሩ አለ፣ ክራሩ የለም ዓይነት። ከደመረ ደግሞ ሁለቱም ጎን ላይ እኩል ያለው ድምፅ፣ ለምሳሌ ዘፋኙ፣ 6 ዲቢ (ዴሲቤል) ይጨምርና ይሰነጠቃል፤ በተቃራኒ ፌዝ (ሞገዱ ተገልብጦ) የተቀዳው ማስዋቢያ ደግሞ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ እያንዳንዱን ጎን 6 ዲቢ ቀንሰህ ደምር፣ ሞኖ አድርገህ አስቀምጥ። ከደመርክ በኋላ አዳምጠው። ዋናው ዜማ ከሳሳ ያ ቅጂ ለካቢን አይሆንም፣ ሌላ ምረጥ።

ከ150 እስከ 200 ሄርትዝ በታች ያለውን በሃይፓስ ፊልተር ቁረጠው። ትንሿ የጣሪያ ስፒከር ያንን ባስ ልታሰማ አትችልም። ኃይሉ ግን አምፕሊፋየሩን ይይዛል፣ ፓኔሉንም ያንቀጠቅጣል። «ስፒከሩ ተበላሽቷል» ተብሎ የሚጻፈው ስንት ጊዜ የባስ ጉዳይ እንደሆነ ብታዩ!

የድምፅ መዝለሉን የሚያስወግደው በሉፍስ (ድምፁ ለጆሮ ምን ያህል እንደሚጎላ በሚለካው አሃድ) ማስተካከል ነው፤ ጫፉን ብቻ አይቶ ማስተካከል አይጠቅምም። ሁለት ሙዚቃ ጫፋቸው እኩል 0 ዲቢኤፍኤስ (ዲጂታል ፋይል የሚችለው የመጨረሻ ከፍታ) ሆኖ ለጆሮ የ10 ዲቢ ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። የአውሮፓ ብሮድካስት መለኪያ −23 ሉፍስ ነው፤ ያ ጸጥ ላለ ሳሎን ነው፣ ማቀዝቀዣው የሚነፍስበት ካቢን ውስጥ ዝቅ ይላል። ሙዚቃውን ሁሉ −20 ላይ፣ የተቀዱ ማስታወቂያዎችን −16 ላይ፣ የሁለቱንም ጫፍ ከ−1 ዲቢ ሳያልፍ አስቀምጥ። ከዚያ በፊት ለስለስ ያለ ኮምፕሬሰር (የጎላውን ዝቅ አድርጎ ልዩነቱን የሚያጠብ)፣ ከ2 ለ1 እስከ 3 ለ1፣ ይለፍበት። በጣም ዝግ ብሎ ጀምሮ መሀል ላይ የሚያፈነዳ የኦርኬስትራ ሥራ ለመሳፈሪያ አይመከርም፤ የፈለገውን ያህል ብታስተካክለው መጀመሪያው በአየር ማቀዝቀዣው ተውጦ ይቀራል።

ቅርጹን በተመለከተ፣ የማጫወቻህ ማንዋል የሚለው ይቅደም። ኤምፒ3 ከሆነ ቋሚ ቢትሬት (በሰከንድ የሚያልፈው የዳታ መጠን)፣ 128 ኪሎቢት፣ 44.1 ኪሎሄርትዝ ሞኖ ከበቂ በላይ ነው። በደቂቃ 0.96 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ የ3 ሰዓት ሙዚቃ 173 ሜጋባይት አይሞላም፤ ትልቅ ካርድ ፍለጋ አትድከሙ። ተለዋዋጭ ቢትሬት የሚያደናግራቸው ማጫወቻዎች አሉ፦ የቀረውን ጊዜ ይሳሳታሉ፣ አንዳንዱም መሀል ላይ ወደ ቀጣዩ ይዘላል። የአልበም ሥዕል የተለጠፈበት ፋይል ሲጀምር የሚዘገይ ከሆነ መለያውን በሙሉ አጽዳው። ሙዚቃው ደግሞ ከብዶና ዘግይቶ ከተሰማ 48 ኪሎሄርትዝ ፋይል በ44.1 እየተጫወተ ነው። ፍጥነቱ 8 በመቶ ይቀንሳል፣ ቃናውም አንድ ተኩል ሰሚቶን ገደማ ይወርዳል። ዘፈኑን የማያውቅ ሰው አይለየውም፣ የሚያውቀው መንገደኛ ግን ፊቱን ያጨማድዳል።

ካቢን_ሲስተም፦

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ማስታወቂያውን −16 ላይ ስታስቀምጡ በማጫወቻው ቅንብር ውስጥ ለማስታወቂያ የተለየ የመውጫ መጠን ካለ እዚያም እንዳትጨምሩ። ሁለት ቦታ ላይ የተጨመረ 4 ዲቢ 8 ይሆናል፣ መንገደኛውም ይደነግጣል። ልዩነቱ ወይ በፋይሉ ይሁን ወይ በሜኑው።

አሁን ወደ ተቆረጠው ቃል። ማጫወቻው ማስታወቂያ ሲጀምር መጀመሪያ ወደ ፒኤ ሲስተሙ «ልናገር ነው» የሚል ትእዛዝ ይልካል፤ አብዛኛውን ጊዜ አንድን ሽቦ መሬት (የኤሌክትሪክ ግራውንድ) በማስነካት። ሲስተሙ ይህን አይቶ ሙዚቃውን ዝም ያሰኛል፣ የድምፅ መንገዱን ይከፍታል፣ ቻይም (የደወል ድምፅ) ከተቀናበረለትም መጀመሪያ ቻይሙን ያሰማል። በዚህ መሀል ፋይሉ መጫወት ከጀመረ የመጀመሪያው ቃል የተዘጋ በር ላይ ይነገራል። መፍትሔው ሁለት ነው። በቅንብሩ ውስጥ ከትእዛዝ እስከ ድምፅ ያለውን መዘግየት የሚወስን መስመር ካለ 500 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉና ሞክሩ፣ ቻይም ካለ ቻይሙ እስኪያልቅ ድረስ አራዝሙት። ከሌለ ደግሞ እያንዳንዱ የማስታወቂያ ፋይል መጀመሪያ ላይ ከ0.5 እስከ 1 ሰከንድ ጸጥታ ጨምሩበት። ጸጥታው እውነተኛ ጸጥታ ይሁን፤ የስቱዲዮ እስትንፋስና የወረቀት ኮሽታ ያለበት ከሆነ በካቢን ውስጥ ጎልቶ ይሰማል።

መጨረሻው ላይም እንዲሁ ሩብ ሰከንድ ያህል ተዉ። አለበለዚያ የመጨረሻው ቃል ሳያልቅ መንገዱ ይዘጋል፣ ሙዚቃውም ዘሎ ይገባል።

የማይመለሰው ሙዚቃ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፤ ለመለየትም ቀላል ነው። ሙዚቃው ሲጠፋ የማጫወቻውን ማሳያ ተመልከቱ። ሰዓቱ እየቆጠረ ድምፅ ከሌለ ማጫወቻው ጤነኛ ነው፤ ፒኤው አሁንም አንድ ሰው እየተናገረ ነው ብሎ ያምናል። የሃንድሴቱ መናገሪያ ቁልፍ ተጣብቆ ወይም ሃንድሴቱ ማቀፊያው ላይ በትክክል ሳይቀመጥ ቀርቶ ይሆናል። እዚህ ላይ የቅንብር ሜኑ ውስጥ መዋል ጊዜ ማባከን ነው። ሃንድሴቶቹን አንድ በአንድ እያነሱ በመመለስ የትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይገኛል። ሰዓቱ ቆሞ ከሆነ ግን ጉዳዩ የማጫወቻው ነው፦ ከማቋረጥ በኋላ ምን ያድርግ የሚለው ቅንብር «ቁም» ላይ ነው። «ካቆምክበት ቀጥል» የሚለውን ምረጡ። «ከመጀመሪያው ጀምር» የሚለውን አትምረጡ፤ በመሳፈሪያ ሰዓት ማስታወቂያው ስለሚበዛ መንገደኛው ያንኑ የመጀመሪያ ሙዚቃ መግቢያ ደጋግሞ ይሰማል።

ሲመለስም በአንድ ጊዜ አይፈንዳ። ቀስ ብሎ የመግቢያ ጊዜ ካለው 2 ሰከንድ ይበቃል።

ስለ ቅድሚያም ላንሳ። ኮክፒት ከሁሉ ይበልጣል፣ ቀጥሎ የአስተናጋጅ ንግግር፣ ቀጥሎ የተቀዳ ማስታወቂያ፣ ሙዚቃ መጨረሻ። ሙዚቃ በማስታወቂያ ስር ቀጭን ሆኖ ይቀጥል የሚል አማራጭ በአንዳንድ ማጫወቻ ላይ አለ። ለሱቅ ያምር ይሆናል፤ ለካቢን ሙሉ በሙሉ ዝም ይበል።

ሽቦ_ለሽቦ፦

ፉጨቱን ለእኔ ተዉልኝ። ጆሮህን አምነህ ቃናውን ለየው። ስልክ ላይ ያለ የድምፅ ስፔክትረም ማሳያም ይበቃል።

400 ሄርትዝ ላይ፣ ምናልባትም 800 እና 1200 ላይ ከተነሳ፣ ከ115 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ሽቦ የመጣ ነው። የድምፁ ሽቦ ከኃይል ሽቦ ጋር በአንድ ላይ ታስሮ ረጅም መንገድ ሄዷል፣ ወይም የሽቦው ሺልድ (ከውጭ ጣልቃ ገብ ድምፅ የሚከላከለው የብረት ሽፋን) ሁለቱም ጫፍ ላይ መሬት ነክቷል። ሺልድ በድምፅ መስመር ላይ አንድ ጫፍ ብቻ መሬት ይነካል፤ የትኛው ጫፍ እንደሆነ የሽቦ ሥዕሉ ይናገራል። ከካሴት ወደ ካርድ ማጫወቻ በሚደረግ ለውጥ አስማሚ ሽቦ ከገባ አዲሱ ኮኔክተር ላይ ሺልዱ ሁለተኛ ጊዜ መሬት መያዙ የተለመደ ነገር ነው፤ መጀመሪያ የምፈትሸው እዚያ ነው። 2400 ወይም 4800 ሄርትዝ ላይ ያለ ስለታም ፉጨት ከሆነ ደግሞ ከ28 ቮልቱ ነው። ተለዋዋጩን ወደ ቀጥተኛ የሚቀይረው ትራንስፎርመር ሬክቲፋየር የሚተወው ሞገድ ነው፤ የማጫወቻው የኃይል መግቢያ ወይም የመሬት ነጥቡ ይታይ። የጄነሬተሩ ፍሪኩዌንሲ ቋሚ ባልሆነባቸው አዳዲስ አውሮፕላኖች ላይ ፉጨቱ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይህ ራሱ ምልክት ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር አረጋግጡ። የማጫወቻው መውጫ አንሶ ቮልዩሙ ጫፍ ላይ ከተነሳ ድሮም የነበረ ትንሽ ፉጨት አብሮ ይጎላል። መውጫውን አስተካክላችሁ ቮልዩሙን ወደ መሀል ስትመልሱ ሊጠፋ ይችላል።

መውጫውን ለመለካት 1 ኪሎሄርትዝ፣ −20 ዲቢኤፍኤስ የሆነ የሙከራ ቃና ካርዱ ላይ ጫኑ። ቃናውን እያጫወታችሁ በአምፕሊፋየሩ መግቢያ ላይ፣ ሽቦው እንደተያያዘ፣ በትሩ አርኤምኤስ ሜትር ለኩ። «እንደተያያዘ» የሚለውን ልብ በሉልኝ። 600 ኦም መውጫ ከ600 ኦም መግቢያው ነቅላችሁ ከለካችሁ ቮልቴጁ እጥፍ ይታያል፣ ማለትም 6 ዲቢ ትሳሳታላችሁ፤ ስትመልሱት ሙዚቃው ያንሳል። አምፕሊፋየሩ ስንት ቮልት እንደሚጠብቅ በኮምፖነንት ማንዋሉ ላይ አለ። ማጫወቻው እንደ ቤት ዕቃ −10 ዲቢቪ፣ ማለትም 0.316 ቮልት እያወጣ አምፕሊፋየሩ +4 ዲቢዩ፣ 1.23 ቮልት የሚጠብቅ ከሆነ ወደ 12 ዲቢ ጎድሏል። ፓኔሉ ላይ ቮልዩም ጫፍ የደረሰው በዚህ ሊሆን ይችላል።

መስመር23፦

አመሰግናለሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የሽቦውን ሥዕል አወጣን፤ ሽቦ_ለሽቦ እንዳለው አስማሚው ላይ ሺልዱ ሁለቱም በኩል መሬት ይዟል። ፉጨቱ 400 ላይ ነው። መውጫውም በሜኑው «ዝቅተኛ» ላይ ነበር፤ ወደ «600 ኦም መስመር» ቀይረን ፓኔሉ ላይ ያለው ቮልዩም መሀል ደርሷል።

የቀሩኝ ሁለት ናቸው። የፊትና የኋላው ልዩነት አሁንም አለ። ሌላው፣ ሙዚቃዎቹ በስም ቅደም ተከተል ቢቀመጡም ማጫወቻው በፈለገው ተራ ይጫወታል፤ በመሀል ደግሞ ምንም ድምፅ የሌለው አንድ ሁለት «ሙዚቃ» አለ።

የድምፅ_ልክ፦

ተራው ቀላል ነው። ብዙ ማጫወቻዎች ፋይሎችን በስም አይደረድሩም፤ በካርዱ ማውጫ ላይ በተጻፉበት ተራ ነው የሚያነቡት። ኮምፒውተሩ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ ሲቀዳ ተራውን እንደተመቸው ይጽፋል። ካርዱን በፋት32፣ ማንዋሉ ካዘዘም በፋት16 ፎርማት አድርጉት፣ ፋይሎቹን 001፣ 002 እያላችሁ ሰይሙና አንድ በአንድ በተራ ገልብጡ። በኋላ መሀል ላይ አንዱን ሰርዛችሁ ሌላ ብትተኩ አዲሱ የተሰረዘው ቦታ ላይ ሊገባ ስለሚችል ለውጥ ባለ ቁጥር ፎርማት አድርጎ ከመጀመሪያ መገልበጥ ይሻላል። ስሙም አጭር ይሁን፣ በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ። በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ማሳያው ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፣ ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

ድምፅ የሌላቸው «ሙዚቃዎች» ካርዱ በማክ ኮምፒውተር ላይ ተዘጋጅቷል ማለት ናቸው። ማክ ለእያንዳንዱ ፋይል በነጥብና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ድብቅ ጓደኛ ይፈጥራል። ማጫወቻው እሱንም ሙዚቃ ነው ብሎ ይሞክረዋል። ድብቆቹን አሳይታችሁ ሰርዙ፣ ወይም በሌላ ኮምፒውተር አዘጋጁ።

ካቢን_ሲስተም፦

የዞኑን ጉዳይ ፓኔሉ ላይ አትፈልጉት፤ የአስተናጋጅ ፓኔል የሚሰጣችሁ አንድ የጋራ ቮልዩም ነው። የየዞኑ መጠን ያለው በካቢን ሲስተሙ ቅንብር ውስጥ ነው። በኤርባስ ኤ320 ቤተሰብ ከሆነ ሲድስ (የካቢን መገናኛ ሲስተሙ) የካቢኑን አወቃቀር የሚያነበው ከካቢን አሳይንመንት ሞጁሉ ነው። መቀመጫው ተቀይሮ ሞጁሉ ካልተቀየረ ዞኖቹ ከእውነቱ ጋር አይገጥሙም፤ እሱን መቀየር በፀደቀ ሰነድ እንጂ በፍላጎት አይሆንም። አምፕሊፋየሩ አንድ ሆኖ ስፒከሮቹ በትራንስፎርመር በሚገናኙባቸው አውሮፕላኖች ደግሞ እያንዳንዱ ስፒከር ላይ የኃይል መምረጫ ነጥብ አለ። አንድ ደረጃ 3 ዲቢ ነው። የኋላው ረድፍ በስህተት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ቢታሰር በትክክል እናንተ የምትሉት ይሰማል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቀላል ፍተሻ፦ ከኮክፒት ማስታወቂያ አስነግሩና ከፊት ወደ ኋላ ሂዱ። ንግግሩም ኋላ ላይ ካነሰ ጉዳዩ የስፒከር ወይም የዞን ነው፤ የፒኤ ጉድለት ሆኖ ይመዝገብ፣ የሙዚቃ ጉዳይ አይደለም። ንግግሩ እኩል ሆኖ ሙዚቃው ብቻ ካነሰ ቅንብር ነው። ሁለት አጎራባች ስፒከሮች ደግሞ የአንዱ ፖላሪቲ (የፕላስና የማይነስ ሽቦው) ከተገለበጠ ሁለቱም እየሠሩ በመሀላቸው ያለው መቀመጫ ላይ ድምፁ ባዶ ይሆናል። አንዱን በጨርቅ ብትሸፍኑት ድምፁ ከጨመረ እሱ ነው።

ሽቦ_ለሽቦ፦

ሙከራውን በሮች ተዘግተው፣ ኤፒዩ (መሬት ላይ ኃይልና አየር የሚሰጠው ረዳት ሞተር) በርቶ፣ ማቀዝቀዣው እየነፈሰ አድርጉት። ጸጥ ባለ ሃንጋር ውስጥ በር ከፍቶ የተስተካከለ ሙዚቃ በማግስቱ «አይሰማም» ተብሎ ይመለሳል። የድምፅ መለኪያ ካለ በኤ ሚዛን (ለሰው ጆሮ በተስተካከለው መለኪያ) አድርጉና በጭንቅላት ቁመት፣ መጀመሪያ ሙዚቃው ጠፍቶ፣ ከዚያ በርቶ ለኩ። ሙዚቃው ከማቀዝቀዣው ድምፅ በ3 ዲቢ ገደማ ቢበልጥ ይበቃል፤ አጠገብ ለአጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ድምፃቸውን ሳያነሱ ማውራት አለባቸው። ጋሊ (የምግብ ማዘጋጃው) እና መጸዳጃ ቤትም ይታዩ። ብዙ ቦታ ሙዚቃ ወደ መጸዳጃ ቤት እንዲሄድ ወይም እንዳይሄድ በቅንብር ይመረጣል፤ ማስታወቂያ ግን ሁልጊዜ መሄድ አለበት፣ ስለዚህ ሙዚቃውን ስትዘጉ ማስታወቂያውን አብራችሁ እንዳልዘጋችሁ አረጋግጡ።

የድምፅ_ልክ፦

አንድ የረሳነው አለ። ካቢን ውስጥ የአየር ግፊት ሲወድቅ በራሱ የሚነሳው የድንገተኛ ማስታወቂያ በብዙ ፕራም ላይ በተወሰነ ቁጥር ወይም በተለየ ማህደር ነው የሚቀመጠው። ካርዱን ፎርማት ስታደርጉ እሱም አብሮ እንዳይሄድ። ካርዱ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ አውጡ፤ መልሳችሁም በዚያው ስምና ቦታ አስቀምጡት፣ ሉፍስ ምናምን ብላችሁ አትነካኩት፣ ማስታወቂያዎቹ የራሳቸው የፀደቀ ፓርት ቁጥር አላቸው። ከላይ ስለ ማስታወቂያ ፋይል የተባለው ሁሉ፣ ጸጥታ መጨመሩም ጭምር፣ በኦፕሬተሩ ኢንጂኒሪንግ በኩል አልፎ አዲስ ቅጂ ሆኖ ይውጣ። ሙዚቃው ላይ ነፃነት አላችሁ፣ የማጫወት መብቱ እስከተከፈለ ድረስ። በመጨረሻም በጥገና ማንዋሉ የግፊት መውደቅ ሲግናሉን አስመስላችሁ፣ ሙዚቃ እየተጫወተ፣ ማስታወቂያው ሙዚቃውን ቆርጦ በሙሉ ድምፅ መውጣቱን በጆሮ ስሙ፤ የራስ ፍተሻው አረንጓዴ መሆኑ ፋይሉ እዚያ መኖሩን አይነግራችሁም።

መስመር23፦

የኮክፒቱ ንግግር ፊትም ኋላም እኩል ነው፣ ስለዚህ የሙዚቃው የዞን ቅንብር ነው። ከፀደቀው የካቢን አወቃቀር ሰነድ ጋር እያነጻጸርነው ነው። የድንገተኛው ማስታወቂያ ካርዱ ላይ ሳይሆን ዩኒቱ ውስጥ ነው ያለው፣ አይተነዋል፤ የግፊት ሙከራውን ግን ሺልዱ ከተስተካከለ በኋላ ከቀሪው ጋር አንድ ላይ እናደርገዋለን።